ግማሽ ምስክር

«ግማሽ ምስክር» የምትለዋን ቃል እንዳልካቸው የሰማት ግራ ዓይኑን አውጥቶ በጨው ውሃ ሳህን ውስጥ እያጠባት ሳለ ነው። ቃሏ የመጣችው ከአጥሩ ማዶ ነው፤ አጥሩ ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ ወደ እሱና ወደ እኅቱ ጓሮ ተጠግቶ ስለቆመ የጎረቤት ድምፅ ከድሮው ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚያወራው ባለ ወፍጮው በላይነህ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ ስልክ መደወል ልማዱ ነው። «ምን ምስክር አላት?» ይላል፣ መፋቂያውን ካፉ ሳያወጣ። «ወንድሟ ነው ምስክሯ። ባለ አንድ ዓይን! እሱ ሙሉ ምስክር አይደለም፣ ግማሽ ምስክር ነው። ግማሹም ቢሆን ውሸት ነው።» ከዚያ ሳቀ፤ ስልኩ ውስጥ ያለውም ሰው ሳይስቅ አልቀረም፤ በላይነህ ጨርሶት የነበረውን ሳቅ እንደገና ጀምሮታልና።

እንዳልካቸው ዓይኑን በንጹሕ ጨርቅ አደራርቆ ወደ ቦታዋ መለሳት። ሰው ሠራሽ ዓይን ሲባል ብዙ ሰው እንደ ብይ ድቡልቡል ትመስለዋለች። አይደለችም፤ እንደተከካ ባቄላ ናት፣ በአንድ በኩል ጎበጥ፣ በሌላው ጎድጎድ ያለች፣ ነጯ ላይ ቀጫጭን ቀይ ሥር የተሳለባት። ጎንደር ላይ የሠራለት ባለሙያ ወጣት ነበር። ከመሳሉ በፊት ግን ሌላ ነገር አሳይቶታል። ዓይኗ የምትጋገርበትን ያንኑ ነገር፣ ዱቄት ሆኖ መጥቶ፣ በፈሳሽ ተቦክቶ፣ በሙቀት የሚጠነክረውን፣ እንደ ማስመሪያ በስሱ ቆርጦ ከአንድ መጫኛ ብረት ሥር አስገባና ቀስ እያለ ይጫነው ጀመር። ቁራጩ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ በመጨረሻ ጧ ብሎ ሁለት ሆነ። እንዳልካቸው ደንግጦ «ምነው ልጄ፣ ደህናውን ነገር ትሰብረዋለህ?» ቢለው፣ «እርስዎ ፊት ላይ ከሚሰበር እዚህ ይሰበር ብዬ ነው» አለው። «ስንት እንደሚችል ሳላውቅ እንዴት ሰው ላይ አስገባዋለሁ?» ያለቀላትንም ዓይን በትከሻው ልክ ከፍ አድርጎ ሲሚንቶው ወለል ላይ ለቀቃት። ነጠረች እንጂ አልተሰበረችም። «አዩ፣ ብርጭቆ አይደለችም። ጭረት ግን አትወድም፤ ከተጫረች የዓይን ቆብዎን ስትበላዎት ትኖራለች» ብሎ አስጠነቀቀው።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው። እንዳልካቸው ግን እውነትን ባዶዋን ሰው ፊት ማቅረብ እንግዳን በባዶ ሞሰብ እንደመቀበል ይቆጥረዋል። ንፋስ መውጫ እስኪደርስ መጫኛዋ ብረት አድጋ ገልባጭ መኪና ሆነች። ገልባጩ አሸዋ እንደጫነ ዓይኗ ላይ ወጣ፤ ጎማው ፈነዳ፤ ዓይኗ ዞር ብላ ሾፌሩን ገላመጠችው። ቁሱም የተቆረጠው ከአውሮፕላን መስኮት ስለሆነ ደመና ባለ ቀን ወደ ላይ ወደ ላይ ትስበዋለች። ዓይኑ የጠፋችበትም ምክንያት እንደ ሰሚው ይለያያል፤ ለገበሬው ነብር ነው፣ ለተማሪው ጥይት፣ ለካህኑ የሰይጣን ጥፍር። አውድማ ላይ የገብስ ገለባ ወግቶት፣ ይሻለኛል ብሎ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ቆይቶ እንደጠፋች የምታውቀው ታላቅ እኅቱ ተዋበች ብቻ ናት። ሥራው መናኸሪያው አጠገብ ተቀምጦ የተቀደደ ጀሪካንና የተሰነጠቀ ሳፋ በጋለ ብረት መጠገን ነው፤ ደንበኛው ጀሪካኑ እስኪበርድለት ቆሞ ወሬውን ይሰማል። ጀሪካኑ ሳይቀደድ የሚመጣም አለ። «ባለ አውሮፕላኑ» የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ነው፤ ስሙን ይወደው ነበር፣ እስከ ዛሬ ጠዋት።

ዛሬ የእኅቱ ነገር በሽማግሌ የሚታይበት ቀን ነው፤ ጨዋታ የለም። ተዋበች ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው፤ ጠላዋን ጠላ ያደረጉት ደግሞ ባሏ በጓሮው ዳር፣ በአጥሩ ጥግ ተክሏቸው የሄደው ጌሾዎች ናቸው። ገበያ ላይ የጌሾ ዋጋ እንደ በርበሬ ሰማይ ከወጣ ወዲህ ብዙዎቹ ጠላ ሻጮች ጠላቸውን ውሃ ሲያደርጉት እሷ «እኔስ ከራሴ ቅጠል ነው የምጠምቀው» እያለች ትኮራ ነበር። ባለፈው ወር እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ለአክስታቸው ተዝካር ሄዳ ስትመለስ ጌሾዎቹ አጥሩን ተሻግረው በላይነህ ግቢ ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው። ጌሾ መቼም እግር የለው። የተሻገረው አጥሩ ነው። በላይነህ ግን «አጥሩ ከተተከለበት ንቅንቅ አላለም፤ ጌሾውም የእኔው ነው» ብሎ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተከራከራት። ዓይን በጨው ማጠብስ እንዳልካቸውም በየማለዳው ያጥባል፤ እንደዚህ አድርጎ ግን አጥቦ አያውቅም።

ችካሎቹ ሲነቀሉ ያየው እንዳልካቸው ብቻ ነው። ማየት ብቻም አይደል። ያን ቀን ማልዶ ወደ ሥራው ሲወጣ የቀን ሠራተኞች የባህር ዛፉን ችካል ሲነቅሉ አገኛቸውና፣ የበሰበሰውን የሚቀይሩ መስሎት «በርቱ፣ ያበርታችሁ» ብሏቸው አለፈ። በላይነህም ከኋላቸው ቆሞ «አሜን፣ አንተንም ያበርታህ» ብሎታል። ይህችን «በርቱ» ባስታወሳት ቁጥር የገዛ ምላሱን ይረግማል። ሌባን አይዞህ ብሎ የሚያልፍ ሰው ከእሱ በቀር በጋይንት ምድር ተፈልጎም አይገኝ።

ኮቱን ለብሶ ወደ እኅቱ ክፍል ዘለቀ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በአንድ ወገን ጋኖቹ አፋቸውን በጨርቅ ተሸፍነው እንደ ጾመኛ ዝም ብለዋል፤ በሌላው ወገን ጠጪ የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች፤ ግድግዳው ላይ ዓመቱ ካለፈ የቀን መቁጠሪያ ጎን የባሏ ፎቶግራፍ፣ መስተዋቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ። ተዋበች ጣሳዎቹን እያንዳንዳቸውን እያነሳች ትወለውላለች፤ የተወለወለውንም መልሳ ትወለውላለች።

«እታለም፣ ሰማሽው ይኼን ሰውዬ?»

«ሰማሁ።»

«ግማሽ ምስክር አለኝ እኮ!»

«ሰማሁ አልኩህ፣ እንዳልክ።» ጣሳውን አስቀመጠች። «ዛሬ ነገር አታስረዝም። ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

«ካየሁት ሌላ ምን ልናገር ኖሯል?»

ሌላ ጣሳ አነሣች። ማታ ማታ ጠጪው ሲበተን በአግዳሚው ላይ ጋደም ብሎ ወሬውን ሲያመጣ፣ ነብሩ ዘሎ አንገቱን ሲይዘው፣ «ከዚያስ?» እያለች የምትገፋው እሷ ናት፤ ነብሩን እስከ ንፋስ መውጫ ገበያ ያደረሰችው የእሷ «ከዚያስ?» ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። የአጥሩን ነገር የነገራት ቀን ግን «ከዚያስ?» አላለችም። ሰማችው፣ ተነሣች፣ ጋን ማጠብ ጀመረች። ከዚያም ወዲህ አንድም ቀን ስለዚያ ማለዳ አልጠየቀችውም። እሱም ሳትጠይቀው ስታምነው ነው ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

ሽምግልናው የሐጂ ሷሊህ ብረታ ብረት መሸጫ በረንዳ ላይ ነው። ሐጂ ሷሊህ ምስማር ከመሸጥ ይልቅ ሰው በማስታረቅ የሚታወቁ ሰው ናቸው፤ የታረቀውም ሰው ሲሄድ ቢያንስ አንድ ማጠፊያ ሳይገዛ አይሄድም ይሏቸዋል ምቀኞቻቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ በቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ያረጁ፣ ቃልን እንደ ስንዴ አበጥረው ካላዩ የማያሳልፉ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ መሪጌታ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የወንበሩን እግር የጠገነው እንዳልካቸው ነው፣ ግን ዛሬ ያንን ማን ያስታውስለታል። ከበረንዳው በታች ደግሞ ሥራ የፈቱ ባጃጅ ነጂዎች ባጃጃቸውን ደርድረው፣ ሱፍ እየፈለጡ፣ ሲኒማ እንደሚያይ ሰው ተመቻችተዋል።

ተዋበች አጭር ተናገረች፤ ባሌ የተከለው ጌሾ ነው፣ ስሄድ በእኔ ጓሮ ነበር፣ ስመለስ በእሱ ጓሮ ሆነ። በላይነህም ጋቢውን አስተካክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ተበደለ ሰው ተናገረ። ሁለቱን የሚለይ ወረቀት የለም፤ ቀበሌም «መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩት» ብሎ የመለሰው ነገር ነው። የቀረው ምስክሩ ነው። እንዳልካቸው ተነሣ፤ ያየውንም ተናገረ። ማልዶ እንደወጣ፣ ሠራተኞቹን እንዳገኘ፣ ችካሉ ሲነቀል እንዳየ፣ በላይነህ ከኋላ እንደቆመ፣ «በርቱ» እንዳለ። ሲናገር ምላሱን እየበላው ነበር፤ ችካሉ ሲነቀል እንደ ሰው አቃሰተ ሊል ጥርሱ ጫፍ ደርሶ ውጦ መለሰው። ሲጨርስ ሕዝቡ ገና የሚቀጥል መስሎት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«አበቃ?» አሉ ሐጂ።

«አበቃ፣ ሐጂ።»

«ነብሩስ?» አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

የእንዳልካቸው ደም ፈላ። በሕይወቱ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር፣ ሳይቀባና ሳይኩል ቢያቀርብ እንዲህ ይሁን? እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አገሩ ሁሉ እንደሚምለው፣ አባቱም ይምል እንደነበረው፣ «ያላየሁትን አየሁ ብዬ ከሆነ ሁለት ዓይኔ ይፍሰስ!» አለ።

በላይነህ ጋቢውን ከአፉ ላይ ገለጥ አደረገ።

«ስንት?» አለ። «ስንት ዓይንህ አልከን?»

እንዲህ ያለ ሳቅ በረንዳው ሰምቶ አያውቅም። ከባጃጆቹ አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ሐጂ ሷሊህ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ምስማር ሣጥኑ አዞሩ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም፤ ቃሉን ይዘው እያበጠሩት ነው።

«ልጄ» አሉ፣ «መሐላ ቁጥር ይጠብቃል። ሰው በሌለው አይምልም። ላም የሌለው ሰው ላሜ ትሙት ቢል ምን ይቀርበታል?»

«የኔታ፣ አባባል እኮ ነው! ሁሉም የሚለው ነው!»

«ሁሉም ሁለት አለው። አንተ ግን ስትምል በመጀመሪያው ቃልህ አንድ ዓይን ዋሸህ።»

«ለእሱ ምን አዲስ ነገር አለው፣ መሪጌታ?» አለ በላይነህ፣ አሁን ወደ ሕዝቡም ዞሮ። «ያቺን የጀሪካን ዓይኑን ከአውሮፕላን የተቆረጠች ናት አላለንም? ገልባጭ መኪና ወጣባት፣ አልተሰበረችም አላለንም? በዓይኑ የዋሸን ሰው በአጥሬ ለምን አይዋሽም?»

«አትሰበርም ያልኩት እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ እንዳልካቸው። የሚያበሳጨውም ይኸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ቅጥፈት ውስጥ አንዷ እውነት እሷ ነበረች፤ ባለሙያው ሲሚንቶ ላይ ሲለቃት በቀኝ ዓይኑ አይቷል። «ገልባጩን ተዉት፣ ገልባጩ ጨዋታ ነው። ግን አትሰበርም!»

«እንግዲያው ይሞከር» አለ በላይነህ።

ተዋበች «ተው እንዳልክ» ማለቷ ይሰማ ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ አውራ ጣቱን ከታችኛው ቆብ ሥር አስገብቶ፣ ዓይኑን አውጥቶ በሐጂ ሷሊህ የሚዛን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ከሕዝቡ ግማሹ ፊቱን አዞረ፣ ግማሹ ተጠጋ። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች። መሪጌታ በጋቢያቸው ጫፍ አንሥተው አገላበጧት፣ በጥፍራቸው መቷት፣ በግዕዝ አንድ ነገር አጉረመረሙና ለሐጂ አሻገሩላቸው። ሐጂ እንደ ነጋዴ በጥርሳቸው ሊሞክሩ ወደ አፋቸው አስጠጓትና ምን እንደሆነች ትዝ ሲላቸው «አስተግፊሩላህ» ብለው መለሷት።

መዶሻ ከመደርደሪያው ወረደ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው መቱ። ዓይኗ ግን ጎባጣ ናትና ከመዶሻው ሥር ተስፈንጥራ ወጣች፤ ኪው ብላ አንዴ ቆርቆሮውን መታች፣ አንዴ ሲሚንቶውን፣ ከዚያ ጠፋች። የተከበሩ ሽማግሌዎችና የተከሰሰው በላይነህ፣ ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር ሆነው፣ በአራት እግራቸው እየዳሁ ከምስማርና ከሽቦ መሐል ዓይን ሲፈልጉ ማየት እንዳልካቸው በሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ክረምት የሚበቃው ወሬ ነበር። ዛሬ ግን አፉ መራራ ሆነበት። ዓይኗ ከብሎን ሣጥን ውስጥ ተገኘች። እዚያም ሳለች ለሐጂ ብልሃት መጣላቸው፤ ትልቅ የብሎን ዳዶ አምጥተው ዓይኗን በቀዳዳው ላይ አስቀመጧት፣ እንዳትንሸራተት። «ጠንከር አድርገው፣ ሐጂ» አለ በላይነህ። ሐጂ ጠንከር አደረጉ። ድምፁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ።

ሁሉም አጎነበሰ። ጠረጴዛው ጎድጉዷል። ዓይኗ እንዳለች ናት። በብሌኗ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ እንደ ሣር ጭራ የቀጠነች ነጭ ጭረት ተሰምራለች፣ ሌላ ምንም።

«አልተሰበረችም!» አሉ ሐጂ፣ ዓይኗን ከፍ አድርገው። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን ነፉ፣ አንዱ አፏጨ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እልል አለች። እንዳልካቸው ደረቱ ሞላ። በባዶው ጉድጓድ እንኳ ብርሃን የገባበት መሰለው። ወደ እኅቱ ዞረ፤ እሷ ግን የምታየው ዓይኗን ሳይሆን በላይነህን ነበር፤ በላይነህ አልተከፋምና።

«ጥሩ» አለ በላይነህ ረጋ ብሎ። «አትሰበርም ብሎ ነበር፣ አልተሰበረችም። ተቀብያለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ መሪጌታ። ሐጂ በመዶሻ መትተው ያልሰበሯትን ዓይን፣ መሐላ ያፈስሳታል?»

ጥሩምባው ቆመ። መሪጌታ ጢማቸውን ጨበጡ። አበጠሩት፣ አበጠሩት፣ ምንም እንክርዳድ አላገኙበትም። «ቃሉ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የማይጎዳ ነገር መያዣ አይሆንም።»

እንዳልካቸው ሳቅ መጣበት፣ ግን የሳቅ ነገር አልነበረም። ዓይኗ ብትሰበር ውሸታም ነው፤ ባትሰበር መሐላው ከንቱ ነው። በሁለቱም በር ወጥቶ በሁለቱም በር በላይነህን አገኘው። ጀሪካን የጠገነበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልገጠመውም፤ በዚህ ስትደፍነው በዚያ ይፈስሳል። ከሐጂ እጅ ዓይኑን ተቀብሎ ኪሱ ከተታት። ከዚያም መዳፉን በቀኝ ዓይኑ ላይ፣ በደህናዋ ላይ፣ ጭኖ ቆመ።

«እንግዲያው በዚችው» አለ። «በአንዷ። ይቺ ትሰበራለች።»

አሁን የሳቀ የለም። መሪጌታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙለት። ከበረንዳው በታች አንድ ሰው «ኧረ በሕግ አምላክ» አለ፤ ሌላው አማተበ። አንድ ዓይን ያለው ሰው በአንዷ ዓይኑ ሲምል ያ ከተማ አይቶ አያውቅም። በላይነህም ጋቢውን ወደ አፉ መለሰ፤ የፊቱ ቀለም ትንሽ እንደገረጣ እንዳልካቸው አየ፣ በዚያችው በአንዷ። አየኸው፣ አለ በልቡ፣ ያውቃል፣ እንዳየሁት ያውቃል። እጁን ወደ ዳዊቱ ዘረጋ።

«ይቅር!»

ተዋበች ነበረች። ተነሥታ ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ አላነሣችውም።

«ይቅር፣ የኔታ። መጽሐፉን ይመልሱልኝ። አጥሩ ባለበት ይቁም።»

«እታለም! ምን ሆነሻል?»

«ይቅር አልኩ። ጌሾ ነው። ቅጠል ነው። ይውሰደው።»

«እኔ እምላለሁ! ልማል!»

«አትምልም!» ብላ ጮኸች፤ ጮኻ የማታውቅ ሴት። «አይማልብኝም! ይቅር ለእግዜር ብያለሁ፣ ሰምታችኋል።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ ሲሉ ትንፋሻቸው ጎላ ብሎ ወጣ። ዳዊቱ ወደ ማኅደሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እንደ ሁልጊዜው ሄደ፤ ተመረቁ፣ ተሳሳሙ፣ በላይነህ የተዋበችን ጉልበት ሊስም አጎነበሰ፣ እሷም «ተው፣ ተው» አለችው። ሽማግሌዎቹም ዳኝነቱ እንዳይደርቅ ብለው፣ በላይነህ በየዓመቱ አንድ ቁና የጌሾ ቅጠል በጉርብትና እንዲሰጣት ወሰኑ። ከገዛ ጌሾዋ አንድ ቁና። በላይነህ «በደስታ» አለ፤ ከሐጂም የአጥር ምስማር ገዝቶ ሄደ።

እንዳልካቸው እኅቱን አልጠበቃትም። በገበያው በኩል አቋርጦ ወደ ሥራ ቦታው አመራ፤ ወሬው ግን በባጃጅ ስለሄደ ቀድሞታል። የጨርቅ ተራው ጋ ሳይደርስ አንዱ «ጋሼ እንዳልካቸው፣ መዶሻው ተሰበረ አሉ!» አለው።

«አልተሰበረም።»

«ኧረ ሁለት ሆነ አሉ!»

«አልተሰበረም አልኩህ! ዓይኗ ናት የተጫረችው። ይኸውና፣ እያት።» ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። ሰውየው ጭረቷን አይቶ «አይ አንተ!» ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎት እየሳቀ ሄደ። ጎመን ሻጯ ደግሞ የመዶሻው ራስ በሮ የሐጂን መስኮት ሰብሯል ብላ ነገረችው፤ አልሰበረም ቢላት «ምነው ዛሬስ ለራስህ ሰሰትክ?» አለችው። መናኸሪያው ሲደርስ የደብረ ታቦር መኪና ረዳት ዓይኗ ሐጂን መልሳ መትታ እንደጣለቻቸው ለተሳፋሪ እያወራ ነው። እንዳልካቸው መሐላቸው ቆሞ ነገሩ እንዴት እንደነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ ነገራቸው። አዳመጡት። ከዚያ አንዲት ተሳፋሪ፣ ልብሷ የስማዳ ሰው የሚመስል፣ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ «ውሸታም ነው ሲሉኝ እኔ ደህና የሚያወራ መስሎኝ ነበር» አለች።

ብረቱን አላጋለም። ሁለት ሰው ሳፋ ይዞ መጥቶ መለሰው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ዕቃውን ሰበሰበና ወደ ቤት ተመለሰ። መንገድ ላይ ዓይኗን አስገብቷት ነበርና ባለሙያው ያለው ደረሰ፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ጭረቷ ቆቡን ከውስጥ እንደ ገለባ ትፍቀዋለች። ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ፤ ከማታየው ዓይን እንባ መውረዱን ያላወቀ ሰው ቢያየው አልቅሷል ይል ነበር። አላለቀሰም። ተናድዷል እንጂ።

ተዋበች ሽሮውን አቅርባ፣ ሳህኑን ጨው ውሃ ሞልታ፣ ንጹሕ ጨርቅ አጠገቡ አኑራ ነው የጠበቀችው። ለጠጪ በሩን አልከፈተችም። ዓይኑን አውጥቶ ውሃው ውስጥ ለቀቃት፤ ጭረቷ ወደ ላይ ሆና ሰመጠች። በሉ፤ እሷ እንኳ የበላች አትባልም፣ እንጀራውን ቆርሳ ቆርሳ ወደ እሱ በኩል ትገፋለታለች። በጓሮው መስኮት አዲሱ አጥር ይታያል፣ ከአጥሩም በላይ የጌሾዎቹ አናት፣ በማታው ንፋስ ሲወዛወዙ። ከማዶ የወፍጮው ድምፅ ቆሟል።

«ለምን አስቆምሽኝ?» አለ በመጨረሻ። «ልረታው ነበር እኮ። ፊቱ ገርጥቶ አላየሽውም?»

«ፊቱን አላየሁም። አንተን ነበር የማየው።»

«ጌሾሽን ለምን ሰጠሽው ታዲያ?»

ተዋበች የሳህኑን ጠርዝ በጨርቅ ትጠርገዋለች፣ የጠረገችውን መልሳ ትጠርገዋለች። ስትናገር ቀና ብላ አላየችውም።

«አንዷን ከምታጣ ብዬ ነው። ዳዊት ነው እኮ፣ እንዳልክ፤ ጨዋታ አይደለም። በውሸት የማለ ሰው ምን እንደሚሆን…» ሳትጨርሰው ተወችው።

እንዳልካቸው እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ወር ሙሉ ያልጠየቀችው ስታምነው አልነበረም። የባሏን ጌሾ ያስረከበችው፣ በሕዝብ ፊት የጮኸችው፣ ወንድሟ ስለ እሷ ብሎ በሐሰት ሊምል ነው ብላ ነው። ከበላይነህ ሳቅ ይልቅ፣ ከመዶሻው ይልቅ፣ ይህ መታው፤ ደግሞም ሊቆጣት አልቻለም፣ ምን ብሎ ይቆጣል? ከምንም ነገር አስበልጣ ለዚያች ለአንዷ ዓይኑ ሳስታለች። ውሃው ውስጥ ያለችው ዓይን ሁለቱንም ታያቸዋለች።

«እታለም።»

«ወይ።»

«ያን ቀን ማለዳ ወጣሁ። ችካሉን ሲነቅሉት አየሁ።»

ተዋበች ቀና አለች። ጨርቁን ያዘች። ጠበቀች፤ እንደ ወትሮው ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ችካሉ ሲያቃስት፣ ነብሩ ከጌሾው ሥር ዘሎ ሲወጣ፣ በላይነህ በውስጥ ሱሪው ሲሮጥ። እሱ ግን በአንዷ ዓይኑ ያያታል።

«ከዚያስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ከዚያማ የለውም» አላት።

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ጌሾው ዞሩ።